ስድስት ክንድ ገመድ ይዤ ወደ ጓሳ

ከጥምቀት በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጌታነህና እኔ በቀጭን አምባ ደን ውስጥ ገመድ ስንዘረጋ ዋልን። የመጨረሻው ተራ ቀናችን ነበር። ተራ ስለነበረም ብዙውን ረስቼዋለሁ። የማስታውሰው ቆሎው ጨው የበዛበት መሆኑን ነው። እሱ የገመዱን አንድ ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ እከተላለሁ። የሚቀረውን ዛፍ ይመርጥና ወገቡን በኖራ ይቀባዋል። ከዚያ ገመዱን ዙሪያውን እናዞራለን። በስድስት ክንድ ውስጥ የተገኘ ሌላ ዛፍ ሁሉ ይቆረጣል ማለት ነው።

ቀጭን አምባ ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ በሚወስደው በኩል ያለ ተራራ ነው። የፈረንጅ ጥዱን በድርቁ ዘመን የተከሉት ሦስት ገበሬ ማኅበሮች ናቸው። ለሥራው ስንዴና ዘይት ይሰጣቸው ነበር። ስንዴው የሚሰፈረው በተተከለው ችግኝ ቁጥር ስለነበር፣ የራበው ሰው እንደ ገብስ አጠጋግቶ ተከለ። ማን ይፈርድበታል? ችግኙ ግን ሁሉም ጸደቀ። አሁን ዛፎቹ እንደ ጦር ዘንግ ቀጥነው፣ እርስ በርስ ተናንቀው፣ ግማሾቹ እንደ ቆሙ ደርቀዋል። ከሥራቸው አንዲት ሣር አትበቅልም። የመንግሥት ደን ስለሆነም ጭራሮ የለቀመች ሴት እንኳ ትቀጣ ነበር።

ጋሼ የአውራጃው የደን ሠራተኛ ነበር። ደኑን ሕዝቡ ራሱ እንዲያሳሳው፣ በሚከፈተውም ቦታ በክረምቱ ኮሶና የሐበሻ ጥድ እንዲተክልበት፣ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ ፈቃድ አወጣ። ወረቀቱ ገደብ ነበረው። እስከዚያ ካልተሠራ ደኑ ለእንጨት ድርጅት ይሰጥና ከሥሩ ይመነጠራል። ሦስቱ ማኅበሮች ግን አይተማመኑም። የላይኞቹ "የታችኞቹ ቀድመው ገብተው ምርጡን ይወስዳሉ" ይላሉ። የታችኞቹም ስለ ላይኞቹ እንደዚያው። የመካከለኞቹ ሁለቱንም አያምኑም።

"መላው ያለው አባ ይርጋ ዘንድ ነው፤" አለኝ ጋሼ በዚያ ረቡዕ። "የጓሳው ሽማግሌ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ መለሱኝ።"

"አራተኛ ትሄዳለህ?"

"ቅዳሜ። አሁንም እንቢ ካሉ ተሸክሜ አመጣቸዋለሁ። ቀላል ሽማግሌ ናቸው፤ ካንተ የመጽሐፍ ቦርሳ አይከብዱም።"

ሐሙስ ጠዋት ነፋስ ነበር። እኔ ኖራ ልበጥብጥ ብዬ ከታች ቀረሁ። አንድ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ተነቅሎ፣ መሬት ሳይደርስ ጎረቤቱ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ጋሼ ከሥሩ ሲያልፍ ነፋሱ አላቀቀው። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ከሞላሌ

ቀብሩ በአገራችን በሞላሌ ሆነ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ሲያልፍ የጋሼን ቦርሳ ፈታሁ። ገመዱና ወረቀቱ እዚያ ነበሩ። ቆጠርኩ። በሃያኛው ቀን ብነሳ ለገደቡ አሥራ አንድ ቀን ይቀራል። ለእናቴ ነገርኳት።

"አንዱን ዛፍ ወሰደብኝ፤" አለች። "አንተን ደግሞ ኬላ ላይ ዘበኛው ለውትድርና ያስቀርብኝ?"

"እማዬ፣ እሱ... ሥራው..." ንግግር አይሆንልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ጋሼ ነበር ስለ እኔ የሚናገረው።

በሶ በጠበጠችልኝ፤ ለስንቅም ሌላ ቋጠረችልኝ። የጋሼን የሱፍ ባና ትከሻዬ ላይ ጣለችው። "ለአርባው ድረስ፤" አለች። "ለተዝካሩ ዳስ ምሰሶ የሚያቆምልኝ ወንድ የለኝም።"

እስከ መሐል ሜዳ ጨው በጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያው አናት ተቀምጬ ሄድኩ። ዋጋው ሁለት ብር ነው። ረዳቱ ግን ጥቁር መልበሴን አይቶ አንዱን መለሰልኝ። ከሞላሌ በስተሰሜን መንገዱ ሜዳ ይመስልና ድንገት ገደል ያሳያል። ገብሱ ታጭዶ አገሩ ሁሉ ቢጫ ነው፤ በየአውድማው ጭድ ይከመራል። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በያዘ ቁጥር ጨው በአንገቴ ይገባል።

ኬላው ላይ ሚሊሻው ወረቀቴን ተቀብሎ ማኅተሙን አየ። 

"የደኑ ሰውዬ ወንድም ነህ?"

"ነኝ።"

"ያ ደን ሰው በልቷል ይላሉ። ደም የቀመሰ ደን አንገባበትም እያሉ ነው። እውነት ነው?"

መልሴን አልጠበቀም። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። "ግባ ወደ መኪናህ፤" አለ። "እኔ የቀጭን አምባ ሰው ነኝ። አምስተኛው ረድፍ ላይ መቶ ሃያ ችግኝ ተክያለሁ።"

ጓሳ

ከመሐል ሜዳ በማለዳ በእግሬ ወጣሁ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይሰበራል። ሽቅብ ሲወጣ እርሻው ያልቅና ጓሳ ይጀምራል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ወገብ የሚደርስ ሣር እስከ ዓይን ዳርቻ ይወዛወዛል፤ በመካከሉ ጅብራ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ሊሞቁ ከገደሉ ወጥተው ተቀምጠዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዴን አቋርጦ፣ ዞሮ አይቶኝ፣ ከቁም ነገር ሳይቆጥረኝ ሄደ።

አባ ይርጋን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ ዓይናቸው ፈጣን ሽማግሌ ናቸው። ከእኔ ፊት ይልቅ በእጄ ያለውን ገመድ ቀድመው አወቁት።

"ይህን የገመድኩት እኔ ነኝ! ያ ነዝናዛ ልጅ ሦስተኛ ሲመጣ፣ ባዶ እጁን ከምመልሰው ብዬ የሰጠሁት ነው። ዛሬ ደግሞ ታናሹን ላከ? ሂድና ንገረው፤ እንቢ ብያለሁ!"

ባናውን ከትከሻዬ አወረድኩ።  ያን ጊዜ የለበስኩትን ጥቁር አዩ። እጃቸው ሥራውን ተወ።

"መቼ?"

"ሃያ አንድ ቀን ሆነው። ደኑ ውስጥ... ዛፍ ወድቆበት።"

ገመዱን ከእጄ ወስደው ጫፍና ጫፉን አገጣጠሙ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። በጥንቱ ሥርዓት አቅኚ አባት ነበሩ። አቅኚ አባት ጓሳን ሦስት አራት ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፍታል። ሳይፈቀድ ያጨደ ሣሩ ይቃጠልበታል። ለድሃም ለጌታም አንድ ነው። ለውጥ ሲመጣ ሥርዓቱ ተሻረ።

"ስብሰባ ላይ አቁመው ፊውዳል አሉኝ። አንድ በሬ ያለኝን ሰው! ለማረስ እንኳ ከጎረቤት በሬ የማጣምረውን! ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አልቆምም ብዬ ምያለሁ። ወንድምህን ሦስቴ የመለስኩት ለዚያ ነው።"

"ታዲያ... መሐላዎ?"

"መሐላዬን ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ። የሞተ ሰው ግን አራተኛ ሲልክብኝ አልመልስም።" ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ። "እናንተ! ፈረሱን ጫኑ! ገሳዬንም አምጡ!"

ገሳ ከጓሳ ሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው። ዝናብ አልነበረም። በኋላ እንደገባኝ፣ ጓሳን ሲከፍቱ የሚለብሱት እሱን ነበር።

ያን ቀን ጓሳን አቋረጥን፤ እሳቸው በፈረስ፣ እኔ በእግር። በሶዬን አካፈልኳቸው፤ የባቄላ ቆሏቸውን አካፈሉኝ። ብዙ አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ፈረሱን አቁመው፣ የታጨደና ያልታጨደ ሣር አጠገብ ላጠገብ አሳዩኝና "ሰው የሚያየው የታጨደውን ነው፤ ቦታውን የሚያኖረው ግን የቀረው ነው፤" አሉ።

የመጥረቢያው ክምር

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ማኅበሮች ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ካለው ሜዳ ተሰበሰቡ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። አባ ይርጋ ገሳቸውን ለብሰው ሲመጡ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ብድግ አሉ። የታችኛው ማኅበር ሊቀመንበር ግን ተጨነቀ።

"ይህ የድሮ ሥርዓት ነው፤ ነገ ብጠየቅ ምን እላለሁ?"

ወረቀቱን ሰጠሁት። ከጀርባው ጋሼ በእጁ ጽፎበት ነበር። ሊቀመንበሩ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "የሥራ አስተባባሪ፣ ጓድ ይርጋ።" ከሥሩ ማኅተም አለ። ጋሼ ሦስቴ እንቢ የተባለ ሰው ሆኖ፣ እሺ እንደሚሉ አስቀድሞ አስመዝግቧቸው ነበር።

"ጓድ?" አሉ አባ ይርጋ። "እኔን? ፊውዳልም ጓድም ሆኜ ልሞት ነው!"

ሰዉ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ከዚያ ጓሳን እንደሚከፍቱት አደረጉት። "የሁሉም መጥረቢያ ዛሬ እዚህ ያድራል። ነገ የላይኞቹ በታችኞቹ መጥረቢያ፣ የታችኞቹ በመካከለኞቹ፣ የመካከለኞቹ በላይኞቹ ይሠራሉ። ቀድሞ የሚገባ ካለ በጥርሱ ይቁረጥ።" መጥረቢያው ተከመረ። እሳቸውም አጠገቡ ጓሳ አንጥፈው ተቀመጡ። ሰው እያጉረመረመ፣ ግን ደስ እያለው ሄደ። ማንም ማንንም መጠበቅ አላስፈለገውም።

አንድ ነገር ግን አልተነካም። ሰዎች ሲሄዱ "ደም የቀመሰው ደን ውስጥ ቀድሞ ማን ይገባል?" ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

ሰኞ

ጉም ነበር። ሰዉ የተከፋፈለውን መጥረቢያ ይዞ ደኑ ጫፍ ላይ ቆመ። አባ ይርጋ እጃቸውን አንስተው "ተከፍቷል! ግቡ!" ብለው ጮኹ። ማንም አልተነቃነቀም።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ በመንገድ ሁሉ በልቤ ስለው የመጣሁት። ፊታቸው ቆሜ "ወንድሜ..." አልኩ። ሌላው ጠፋኝ። ሁለት መቶ ሰው ያየኛል። በመጨረሻ ዞርኩና ገመዱንና አንድ መጥረቢያ ይዤ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ያ ዛፍ እንደ ወደቀ ተጋድሟል፤ ቅርፊቱ ተልጧል። ብዙ ጊዜ የጠላሁት ዛፍ ነው። ቀረብ ብዬ ሳየው ከእጄ አይወፍርም። ብርሃን አጥቶ የሞተ ነበር እንጂ ክፋት አልነበረውም። መጥረቢያውን አንስቼ ለሁለት ቆረጥኩት።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። እትዬ ዘነበች የሚሏት ባልቴት ነበረች፤ ከታችኛው ማኅበር። ጭራሮ ለቅማ ሁለት ጊዜ የተቀጣችው እሷ ነች። ወደ ውጭ ዞራ ጮኸች።

"ወንዶች! እናንተ እስክትደፍሩ ማገዶዬ ይበስብስ እንዴ? ልጁ ብቻውን ገብቶ ቆሟል! ሱሪያችሁን ለእኔ ስጡኝና እናንተ ቀሚሴን ልበሱ!"

ያን ጊዜ በሦስቱም በኩል እንደ ጎርፍ ገቡ። የመጥረቢያ ድምፅ ተራራውን ሞላው።  ወዲያው ግን የሆነውን አየሁ። ጋሼ ኖራ የቀባው ላይኛውን ክፍል ብቻ ነበር፤ ከታች ምልክት የለም። ሰዉ ደግሞ የሚቆርጠው ቀጥ ያለውንና ያማረውን ነበር። ጎባጣውን፣ የቀጨጨውን፣ የደረቀውን እየተወ ያልፋል። ምሰሶ የሚፈልግ ዓይን ሌላ ምን ያያል? ገመድ ይዤ ሮጥኩ።

"አይ... አይደለም! ይሄ የሚቀረው ነው!"

አንድ ጎረምሳ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ አየኝ። "ጎባጣውን ልሸከም? ይህን ያህል ዓመት የጠበቅነው ለጎባጣ ነው? ያንተ ወንድም ከተማ ተምሮ መጥቶ..."

"አንተ፤" አሉ አባ ይርጋ ከኋላው። "ቤትህ የዘር ገብስ አለ?"

"አለ።"

"ትቆላዋለህ?"

ጎረምሳው መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ። በዙሪያው ያለውም መጥረቢያ ሁሉ ቆመ። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ የድርቁን ዘመን ያውቃል።

"እኔ ቆልቻለሁ፤" አለች እትዬ ዘነበች። እየጮኸች አልነበረም። "በድርቁ ጊዜ። ለአራት ልጆቼ አበላኋቸው። እግዜር ይይልኝ፣ ይጣፍጥ ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲመጣ እርሻዬ ዳር ቆሜ ሳለቅስ ዋልኩ። ዝናብ አለ፣ መሬት አለ፤ የምዘራው የለኝም።" ሄዳ ከዛፎቹ ሁሉ ቀጥ ብሎ በቆመው ላይ ጀርባዋን አስደገፈች። "ይሄ የዘር ነው። የሚነካው አለ?"

ማንም አልነካውም። ጎረምሳው ራሱን ቀና አድርጎ ሌላ አንድ መረጠ፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ይሄም የዘር ነው፤" አለ። ከዚያም አጠገቡ ያለውን ጎባጣ መቁረጥ ጀመረ።

ያ ቃል ከአፍ አፍ ሄደ። ከላይ "የዘር ነው!" ሲባል ከታች "የዘር ነው!" ይመለሳል። ጉሙ ሲነሣ ተራራው በሙሉ እየተጠራራ ነበር። እኔ መናገር አላስፈለገኝም። ገመዱን ብቻ እዘረጋለሁ። አባ ይርጋም ከሱ ጋር እያስተያዩ ሰባት ሌላ ገመድ ገመዱ።

በስሕተት የወደቁት አራት ዛፎች ብቻ ናቸው። እስካሁን ያሉበትን አውቃለሁ።

የተራራው ብርሃን

ማርያም ስለሆነች ረቡዕ አረፍን፤ ከዚያ በቀር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሠራን። ሴቶቹ የገብስ ቂጣና ተልባ ያመጣሉ፤ ጠላው ቀጭን ነበር፣ ግን አላለቀም። ማታ ማታ መጥረቢያው ወደ ክምሩ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን የላይኛው ማኅበር ሰው የታችኛውን መጥረቢያ ስሎ መለሰ። "ዱልዱም መጥረቢያ ሰጥተውኝ ነው፤ እኔ ግን እንደነሱ አይደለሁም፤" አለ። በአምስተኛው ቀን ሁሉም ስለው መመለስ ጀመሩ።

በመጨረሻው ቀን የአውራጃው የደን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከእንጨት ድርጅቱ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ገደቡ ሊያልፍ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። የመጡት ደኑን ሊረከቡ ነው። ኃላፊው ገመዱን ከእኔ ተቀበለና ራሱ ዘረጋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ። ፀሐይ በዛፎቹ መካከል እስከ መሬት ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው ጥላ መሬት ላይ ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይታያል።

"ማን ነው እነዚህን ገበሬዎች ያሠለጠናቸው?"

"ገብስ፤" አለች እትዬ ዘነበች።

ኃላፊው አልገባውም፤ ግን ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈረመ። ሥራው ተፈጽሟል፤ ደኑ በሦስቱ ማኅበሮች ጥበቃ ይቆያል ይላል። ሲያነበው ከተራራው ጫፍ እስከ ሥሩ እልልታ ሆነ። የድርጅቱ ሰዎች ጠላ ተሰጣቸው፤ ጠጥተው ሄዱ።

እንጨቱ ሲከፋፈል አባ ይርጋ አራት ክምር አስደረጉ። ማኅበሮቹ ሦስት ናቸው። "አራተኛው የማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"የጌታነህ።"

"አባ፣ እሱ ከዚህ ደን አንድ ጭራሮ ወስዶ አያውቅም።"

"እኔም ለሱ አልሰጠሁም። ለእናትህ ዳስ ነው። ምሰሶ የለኝም ማለቷን ከሞላሌ የመጣ ነጋዴ ነግሮናል። አሁን ዝም በል፤ ዝም ማለት ያምርብሃል።"

ሃያ ዘጠኝ ምሰሶና ማገር በሃያ ዘጠኝ ትከሻ እስከ መሐል ሜዳ ሄደ። ጎረምሳው ትልቁን ተሸከመ። ሰው ባገኘን ቁጥር "የማን ነው?" ይላል፤ እነሱም "የዘር ነው!" ብለው ይስቃሉ። ኬላው ላይ ያ ሚሊሻ ወረቀት አልጠየቀንም። አምስተኛው ረድፍ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ከዚያ የጨው መኪናው ባዶውን ሲመለስ ጫነልን። ረዳቱ ብር ሳወጣ እጄን መታኝ።

ሞላሌ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። እናቴ ደጅ ወጥታ መኪናውን አየችው። ወደ እኔ አልመጣችም። ወደ እንጨቱ ሄዳ አንዱን ዳበሰችው፤ አሸተተችውም። ከዚያ ትከሻዬን ያዘች።

"ዛፍ ገደለው ብዬ ነበር፤" አለች። "ለካ ትቶልኝ የሄደው ነገር አለ።"

ይህ ጉዞ ምን እንዳስተማረኝ ብጠየቅ ረጅም መልስ የለኝም። ጋሼ ስለ እኔ ይናገር ነበር። እኔ ስለ እሱ መናገር አልቻልኩም፤ ስለ እሱ የተናገረው ሁለት መቶ ሰው ነው። የእኔ ሥራ ቀድሞ መግባት ብቻ ነበር። ለክረምቱ የኮሶውን ችግኝ ይዤ እንድመለስ ለአባ ይርጋ ቃል ሰጥቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አርባው ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤቶች ዳስ ሊጥሉ መጡ። አንዱ ጉድጓድ በእግሩ ሊለካ ሲል "ቆይ፤" አልኩት። ገመዱን ከባናው ውስጥ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ሌላውን ይዤ ሄድኩ። ሲወጠር ቆምኩ፤ እዚያው ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርኩ።